ዘራፍና ትንፋሽ፦ ስለ ፉከራ ጩኸት፣ ስለ ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎንና ስለ ጦርነት ሜታል

ወሎ በሙዚቃ ሲነሳ የሚቀርብለት ሙገሳ ተመሳሳይ ነው። ትዝታ ይባላል፤ ባቲና አምባሰል የቦታ ስም ከመሆን አልፈው የቅኝት ስም መሆናቸው ይወሳል፤ የማሪቱ ለገሰ ድምፅ ይጠራል፤ መንዙማው ይከተላል። ከዚያ በኋላ ተናጋሪው ወደ ፍቅርና ወደ ቁንጅና ያልፋል። ሙገሳው ሐሰት የለበትም፤ ጉድለቱ የወሎን ጆሮ ለስላሳ ነገር ብቻ የሚሰማ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ከጃማ ደጎሎ ተነስቶ በከላላና በወግዲ አልፎ ቦረና መካነ ሰላም የሚደርሰው ደጋ፣ ዓባይ፣ ጃማና በሽሎ በገደል የከበቡት አገር፣ ሌላም ድምፅ አለው። ይህኛው ድምፅ ይሻክራል፣ ይቆራረጣል፣ ቃሉን ይውጣል፣ ለቅኝት ሥርዓት አይገዛም። ፉከራ ነው።

ፉከራን ላጥና የሚል ሰው ጎጃም ይወርዳል ወይም ጎንደር ይወጣል። ለዚህ አድልዎ አንድ ምስክር ይበቃኛል። የጎጃም ፉከራ ያለ አርበኛው አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ስም አይሞቅም። በሰፊው የተሰራጨው የበላይ የሕይወት ታሪክ ግን የተወለደው በ1904 ዓ.ም. ከዓባይ ወዲህ፣ በቦረና ሳይንት ጫቃታ ነው ይላል። በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተሰቀለ ወዲህ ስሙ የማዶ ስም ሆኖ ቀረ። ወደ ትውልድ ቦታ ክርክር መግባት አልፈልግም፤ ጀግና ያደገበትም የተዋጋበትም አገሩ ነው። የምለው፣ ያን ጉሮሮ ያፈራው ደጋ ከወንዙ በሁለቱም በኩል መሆኑን ነው። በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት የምኒልክ የዓድዋ ክተት የሸዋን ጦር ያሰባሰበውም ከዚሁ ደጋ በስተምሥራቅ፣ ወረኢሉ ላይ ነበር። ለእኛ የደረሰን አዋጁ ነው፤ በዚያ ሰፈር ሌሊቱን ሲያስተጋባ ያደረው ድምፅ አልደረሰንም።

ቸልታው የቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ለአገሬው ሰዎች ቅሬታ በተውኩት። ዋናው በደል ግን ፉከራ በተጠናበትም ስፍራ የተጠናው ግጥሙ ብቻ መሆኑ ነው። የሥነ ቃል መጻሕፍቶቻችን ሽለላን፣ ቀረርቶንና ፉከራን ለይተው ያስቀምጣሉ፤ ቀረርቶ በረጅሙ እየተሳበ የሚዜመው፣ ሽለላ ሆ ባይ ያለው፣ ፉከራ ደግሞ እየተንጎራደዱ በጥድፊያ የሚነገረው ይሆናል። ከዚያ ስንኞቹ ይደረደራሉ፤ ጭብጣቸው ይወጣል፤ ጀግንነት፣ የዘር ኩራት፣ የጠመንጃ ፍቅር። በመጨረሻም “ወኔ ቀስቃሽ” የሚል ማኅተም ይመታበትና ምዕራፉ ይዘጋል። ተማሪው ከክፍል ሲወጣ የያዘው የቃላት ዝርዝር ነው፤ አንድም ጊዜ ጆሮው አልደነገጠም።

እዚህ ላይ የፉከራ ወዳጆች የማይወዱትን ነገር ልናገር። የታተመ ፉከራ አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ግጥም ነው። ምስሉ ይደጋገማል፤ ቤት መምቻው ከመድረሱ በፊት ይታወቃል፤ አባትና አያት፣ በቅሎና ፈረስ፣ ከጠመንጃም ውጅግራና አልቤን፣ ምንሽርና ቤልጅግ እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ከአንድ ጥሩ ሰምና ወርቅ አጠገብ ቢቀመጥ አንገቱን ይደፋል። የሙሾ ግጥም እንኳ በሐሳብ ጥልቀት ይበልጠዋል። ሆኖም ሙሾውን በጥሞና የሚያዳምጥ ሕዝብ ፉከራ ሲጀመር ከተቀመጠበት ይነሳል። ግጥሙ ደካማ ከሆነ የሚያነሳው ምንድን ነው? መልሱን ጭብጡ ውስጥ የፈለገ አያገኘውም። ቃሉ ሳይሰማው፣ ቋንቋውም ሳይገባው ጸጉሩ የሚቆም ሰው አለና።

በኅትመት የቀረ ጩኸት ምን እንደሚሆን ለማየት የአማርኛን ቀደምት ጽሑፎች መክፈት ይበቃል። ከጥንቱ አማርኛ ከቀሩልን ጽሑፎች ውስጥ እጅግ የቆዩት ለዓምደ ጽዮን፣ ለይስሐቅ፣ ለዘርዐ ያዕቆብና ለገላውዴዎስ የተዘመሩ የድል ውዳሴዎች ናቸው። ኢኛሲዮ ጉይዲ እ.ኤ.አ. በ1889 አሳተማቸው፤ ኤኖ ሊትማን በ1914 ተመለሰባቸው። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት ቃል በቃል ሲፈቱ ኖረዋል። ግን ስንኞቹ የአገር ስምና የተሸናፊ ስም እየጠሩ ሲሮጡ የሚያነብ ሰው ይህ ነገር ለዓይን እንዳልተሠራ ወዲያው ይገባዋል። በጽሑፍ የጀመርነው በጦር ጩኸት ነው፤ ጩኸቱን ግን ከመነሻው አጥተነዋል።

ታዲያ ጩኸቱ እንዴት ይሠራል? እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ትንፋሽን ነው፤ አንባቢ ይህን ነገር ካበዛሁት ይታገሠኝ።

ፎካሪው ዘራፍ ብሎ ይነሳል። የመጀመሪያው ዘራፍ መልእክት የለውም፤ ሳንባን መለኪያ ነው። ሁለተኛው ከፍ ይላል፤ ሦስተኛው ላይ ጉሮሮው መሻከር ይጀምራል። ከዚያ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ አሽከር እያለ ወደ ዘር ቆጠራው ይገባል፤ የጌታውን የፈረስ ስም ይጠራል፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ እንደተባሉት ማለት ነው። ከዚህ ጀምሮ አያርፍም። ተራ ግጥም የሚያነብ ሰው በየስንኙ ጫፍ ይተነፍሳል፤ ፎካሪ ግን አራቱንም፣ አምስቱንም፣ አንዳንዴ ስምንቱንም ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ያስኬዳቸዋል። ቤቱ ሁሉም በአንድ ፊደል የሚመታው ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም። አየር ያለቀበት ሰው ሐሳብ አይመርጥም፤ የሚቀጥለው ቃል አፉ ላይ ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት። ተመሳሳዩ ቤት መምቻ በሩጫ ላይ ያለ አእምሮ የሚይዘው ገመድ ነው። በወረቀት ላይ ድህነት የሚመስለው ድግግሞሽ በአየር ላይ መሣሪያ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ደግሞ በአንድም የሥነ ቃል መድብል ሲጻፍ አላየሁም። ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ቃሉ ይቀጥናል፤ የመጨረሻው ስንኝ ግማሹ ይዋጣል። አድማጩ የተዋጠውን ያውቀዋል፤ ሺህ ጊዜ ሰምቶታልና ራሱ ይሞላዋል። በዚያች ቅጽበት ፎካሪው አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ስቡ ራሱ ይሰማል፤ ሻካራ ነው፣ ያፏጫል። ሴቶቹ እልል የሚሉት፣ ወንዶቹ “በለው!” የሚሉት በዚህች ስንጥቅ ነው። እንግዲህ የፉከራ ምት ከበሮ አይደለም፤ የአንድ ሰው ሳንባ ባዶ መሆንና መሙላት ነው። ባዶ ሲሆን ሕዝቡ ይገባል፤ ሲሞላ ሕዝቡ ይወጣል። በየዙሩም ድምፁ ከነበረበት ትንሽ ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ ከፍታው ከጉሮሮው አቅም ሲያልፍ ድምፁ ይሰነጠቃል። በቅዳሴ ዜማ የተሰነጠቀ ድምፅ ጉድለት ነው፤ አዝማሪም ቢሆን ጉሮሮው ሲከዳው ማሲንቆውን አስቀድሞ ያልፈዋል። ፎካሪ ግን መድረስ የሚፈልገው እዚያው ስንጥቁ ላይ ነው።

ሰውነቱንም አንርሳ። ፎካሪ ቆሞ አይፎክርም። ሄድ መለስ ይላል፤ ይሽከረከራል፤ ዱላውን ወይ ጠመንጃውን ይሰብቃል፤ ዘሎ ይወርዳል። ዝላዩ ትንፋሹን ይሰብረዋል፤ የተሰበረው ትንፋሽ ስንኙን ይሰብረዋል። ለዚህ ነው ተቀምጠው የነገሩኝን ፉከራዎች ሁሉ የማላምናቸው። ሽማግሌው ወንበር ላይ ሆኖ ለመቅረጫ ሲያነበንብ ግጥሙ በሥርዓት ይወጣል፣ ስንኙ እኩል ይሆናል፣ ተመራማሪውም ይደሰታል። የተቀረጸው ግን የፉከራው አጽም ነው።

ከዚያ ያዦቹ አሉ። ፎካሪው ሲግል ሁለትና ሦስት ሰው ይነሳና ትከሻውን፣ ክንዱን ይይዘዋል። እሱ ይወራጫል፤ ያዙኝ ልቀቁኝ ይላል። የውጭ ሰው ይህን ሲያይ ጠብ የተነሳ ይመስለዋል። ያዡ ግን እንደ ፎካሪው ሁሉ የጨዋታው ባለድርሻ ነው። መቼ እንደሚነሳ ያውቃል፤ ቶሎ ከያዘው ያዋርደዋል፣ ከዘገየም ያጋልጠዋል። ክንዱን የሚይዝ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ራሱን እስከ ጫፍ የሚለቀው። የፉከራ ውበት ትርምስ ነው የሚሉ አሉ፤ እስማማለሁ፣ ግን ትርምሱ በሰው እጅ የታጠረ ትርምስ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ከሩቅ አገር አንድ ዘመድ ላምጣ። በሄቪ ሜታል ሙዚቃ ውስጥ ዋር ሜታል፣ የጦርነት ሜታል፣ የሚባል ጽንፈኛ ዘርፍ አለ። ምንጮቹ ሲፈለጉ የብራዚሉ ሳርኮፋጎ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው “አይ ኤን አር አይ” አልበም ይጠቀሳል፤ የካናዳው ብላስፌሚ በ1990 “ፎለን ኤንጀል ኦፍ ዱም”ን ሲያወጣ ዘርፉ መልኩን ያዘ፤ በ1999 ደግሞ ሌላው የካናዳ ቡድን ኮንከረር “ዋር ከልት ሱፕሬማሲ”ን አስከተለ። ከበሮው ከመፍጠኑ የተነሳ አንዱን ምት ከሌላው መለየት አይቻልም። ጊታሩ ቅኝቱ እስከ ታች ወርዶ፣ ድምፁ በኤሌክትሪክ ተቆራርሶ ጉምጉምታ ብቻ ይቀራል። ድምፃዊው ይጓጉራል እንጂ አይዘፍንም፤ ግጥሙ ከወረቀት ካልተነበበ አይሰማም። በሜታል ዓለም ውስጥ ራሱ መጫወት የማይችሉ ሰዎች ጫጫታ ነው ብለው የናቁት ጥቂት አይደሉም። ወዳጆቹ የሚሉት ሌላ ነው፤ የሚፈልጉት ሊከታተሉት የማይችሉትን ነገር ነው፤ ጆሮ ተስፋ ቆርጦ መለየት ሲያቆም የሚመጣውን ስሜት።

የእኛ አድማጭ ይህን ሙዚቃ እንዲወድ አልመክርም፤ ስድብና የመቅደስ ማርከስ የሞላበት ነው፣ ብዙውም አሰልቺ ነው። ግን ከፉከራ ጋር ያለው ዝምድና ከላይ ከላይ ብቻ አይደለም። የብላስፌሚ አባላት የክርስትና ስማቸውን ትተው የጻፉትን ስም ተመልከቱ። ጊታር መቺው ማዕበል ጠሪ ነው፤ ድምፃዊው የሌሊት መቃብር አርካሽና ጥቁር ነፋሳት ይባላል። አንድ መስመር ሙሉ የሚወስድ የማስፈራሪያ ስም ነው። አባ ነፍሶ፣ አባ መላ፣ አባ ኮስትር ሲባል ያደገ ጆሮ ይህን ልማድ ወዲያው ያውቀዋል፤ ጦር የሚገባ ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም አይገባም። ቃሉን መዋጡ፣ ጉሮሮውን ማጎርነኑ፣ ምቱን ከመቆጠር በላይ ማድረጉ፣ ሁሉም አድማጩን ከማስተዋል አውጥቶ ሰውነቱ ላይ የሚጥል አንድ ዓይነት ጥበብ ነው። ዝግጅታቸው ላይ ወጣቶች እየተገፋፉ ሲጋጩ፣ የወደቀ ካለ በዙሪያው ያሉት ወዲያው ያነሱታል፤ ያልተጻፈ ደንባቸው ነው። ያዥ እዚያም አለ ማለት ነው።

ልዩነቱ ግን ይበልጥብኛል። የዋር ሜታል ጦርነት ባለቤት የለውም። ድምፃዊው ማንንም አልገደለም፤ አባቱን አይጠራም፤ አድማጩም አያውቀውም። ፎካሪ ግን በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው የሚቆመው። ያልሠራውን ቢናገር የሚስቅበት አለ፤ ጎረቤቱ ዘመቻው ላይ አብሮት ነበር። ፈሪን በሁለት ስንኝ ለዕድሜ ልክ የምታዋርድ ሴትም እዚያው ቆማለች። ስለዚህ የፎካሪ ጩኸት የሚያስፈራው ሌላውን ብቻ አይደለም፤ ራሱን አስይዞ ነው የሚጮኸው። የካናዳዎቹ ማዕበል ከመድረክ ሲወርዱ ያበቃል። የደጎሎ ሰው ሠርግ ላይ የፎከረውን በነጋታው ገበያ ላይ ይጠየቅበታል።

ይህን ጩኸት ቃሉን ጥሎ እንዲኖር ያደረገው ሰው ከዚህ ደጋ አጎራባች አገር ነው። ጌታቸው መኩሪያ በ1927 ዓ.ም. ይፋት ተወለደ። በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠራ፤ በቴነር ሳክስፎኑም ሽለላንና ፉከራን ነፋ። ከጊዜ በኋላ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ላይ ሲወጣ ብዙ ሰው ልብሱን ያዘ፤ እኔ ግን ልብሱን ትታችሁ አፉን ስሙ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1972 ፊሊፕስ ያሳተመለት፣ ኋላም ኢትዮፒክስ በተባለው የአልበም ተከታታይ ቅጽ 14 ሆኖ ዓለም የሰማው አልበሙ ውስጥ ጌታቸው የሚሠራው ነገር የፎካሪን ትንፋሽ አንድ በአንድ መከተል ነው። ረጅሙን ሐረግ አየሩ እስኪያልቅ ያስኬደዋል፤ ጫፉ ላይ ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከዚያ ይሰነጥቀዋል። አጃቢዎቹ መሬት ይዘው ሲቆዩ እሱ ከምቱ ይወጣና በራሱ ጊዜ ይመለሳል። አጃቢው ያዥ ነው፤ ሳክስፎኑ ልቀቁኝ የሚለው ሰውዬ።

የውጭ ተቺዎች ጌታቸውን ከአልበርት አይለርና ከኦርኔት ኮልማን ጋር ማነጻጸር ይወዳሉ፤ ፍሪ ጃዝን ሳይሰማ ፍሪ ጃዝ ተጫወተ ይሉታል። እንደ ሙገሳ ደስ ይላል፤ እንደ ሂስ ግን ስቷል። እነዚያ ከኮርድ ሕግ ለመውጣት ይታገሉ ነበር። ጌታቸው የሚወጣበት ሕግ አልነበረውም፤ የገባበት ሕግ ነው የነበረው። የሚከተለው ሥርዓት ከመቶ ዓመታት በፊት በገደል አፋፍ የጸና ነው፤ ነጻ የሚመስለው ሥርዓቱን ለማያውቅ ጆሮ ብቻ ነው። የእኛዎቹ ተቺዎች ደግሞ ሌላ ጥፋት አለባቸው። ጌታቸውን የኢትዮ ጃዝ ወርቃማ ዘመን ጌጥ አድርገው ከነሙሉቀን መለሰ ዘመን ናፍቆት ጋር አንድ ላይ አስቀመጡት። ይህ ሰው ናፍቆት አይነፋም። የሚነፋው ማስፈራሪያ ነው።

የጌታቸው ኋለኛ ዘመን ለዚህ ክርክር ትልቅ ማስረጃ ነው። የሆላንዱ ፓንክ ቡድን ዘ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2004 የ25ኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር ጋበዘው፤ በ2006 “ሞዓ አንበሳ” የተባለውን አልበም አብረው አወጡ። እድሜያቸውን በጫጫታ የጨረሱ ሰዎች ከ70 ዓመት አዛውንት ጋር እንዴት ሊግባቡ ቻሉ ብሎ የገረመው ብዙ ነው። እኔን የሚገርመኝ ቀድሞ አለመገናኘታቸው ነው። ጊታሮቹ ሲፋጩ ጌታቸው አይደነግጥም፤ የለመደው የሕዝብ ጩኸት መሰለኝ የሚመጣለት። ቢሆንም አልበሙን ያለ ቅሬታ አልሰማውም። የዘ ኤክስ ከበሮ በጣም ቀና ነው። ትንፋሽ ተከትሎ የሚለጠጠውን ሐረግ ከበሮው በእኩል ምት ይቸነክረዋል፤ አንዳንድ ቦታ ሳክስፎኑ ለመተንፈስ የሚቸኩል ይመስላል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ጩኸቱ ያነሰውን፣ ትንፋሹ የሰፋውን የድሮውን ቅጂ እመርጣለሁ። ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲያርፍ ሳክስፎን የሚነፋ ብዙ ሰው ቀርቷል፤ የሚፎክርበት ግን አላየሁም።

ወደ ዛሬው ስቱዲዮ ስመለስ ለዘብ ማለት አልችልም። ዛሬ ባህላዊ ዘፈን በሚል የሚወጣው ቪድዮ መሐል ላይ ፉከራ መሰካት ልማድ ሆኗል። ዘፈኑ ይቆማል፤ አንድ ሰው ክላሽ ይዞ ተራራ ላይ ይወጣል፤ ዘራፍ ይላል። ከሥሩ የኪቦርድ ከበሮ በማይለወጥ ፍጥነት ይመታል። የድምፅ መሐንዲሱ አየር የሚሳብባቸውን ቦታዎች ቆርጦ አውጥቷቸዋል፤ ጆሮ ይረብሻሉ ብሎ። የተሰነጠቀው ድምፅ በማሽን ተስተካክሏል። ውጤቱ ሳይተነፍስ የሚፎክር ሰው ነው። ሳይደክም፣ ሳይሻክር፣ ማንም ሳይይዘው፣ ማንም ሳያውቀው ይፎክራል። ይህን ፉከራ ብሎ መጥራት ለፉከራ ስድብ ነው። ከካናዳዎቹ ጋር ቢወዳደር እነሱ ይሻላሉ፤ ቢያንስ ላባቸው እውነት ነው።

የመድረኩ ማለስለስ የጀመረው ዛሬ አይደለም። የአገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ሥራው በኢጣልያ ወረራ ዋዜማ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ማነሳሳት ነበር፤ የአገር ፍቅር ቲያትር ከዚያ የጦር ጩኸት ተወለደ ማለት ይቻላል። ፉከራ ያኔ መድረክ ላይ ወጣ፤ ከወጣ በኋላም ሰዓት ተመደበለት፣ ፊቱን ወደ ተመልካች እንዲያዞር ተነገረው። ተመልካችና ፎካሪ ሲለያዩ ያዡ ሥራ አጣ። ያም ሆኖ የዚያ ዘመን ሰው ጉሮሮው የራሱ ነበር።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ይህ ሁሉ ውበት ደም ያለበት አይደለም ወይ? አለበት። ፉከራ ገዳይን ያወድሳል፤ በየመንደሩ ደም ለመመለስ የተነሱ ሰዎች መንገዱን በፉከራ ነው የጀመሩት። በሜታሉም በኩል በዘርፉ ዙሪያ ካሉ ቡድኖች ከዘረኛ ጽንፈኞች ጋር ስማቸው የሚነሳ አሉ፤ የብላስፌሚ ማዕበል ጠሪ ጥቁር ካናዳዊ መሆኑ ያን አይፍቀውም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በየአቅጣጫው የፉከራ ዘፈን ጎርፎ ነበር። አብዛኛው የተቀረጸው ከግንባር ርቆ፣ ነገ ማንም በማይጠይቀው ሰው ነው። ፉከራን አደገኛ የሚያደርገው ይሄ ነው እላለሁ። በሠርግ ዳስ ውስጥ ያለው ፎካሪ የሚያውቁት፣ የሚይዙት፣ የሚስቁበት ሰዎች አሉት። ማጉያው እነዚህን ሁሉ አውጥቶ ጩኸቱን ብቻ ያባዛዋል። ሥነ ምግባሩም እንደ ውበቱ በያዡ እጅ ነው ያለው። ፉከራ ይከልከል የሚሉ የከተማ ሰዎች ይህን ልዩነት ቢሰሙ ኖሮ ክሳቸውን ወደ ትክክለኛው በር ይወስዱት ነበር።

እስካሁን ስለ ጦርና ስለ ሠርግ አወራሁ እንጂ ፉከራ ከሁሉ የሚበልጥበት ቦታ ለቅሶ ነው። የታወቀ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ ይወጣል፤ ጠመንጃው፣ ልብሱ ለሕዝብ ይታያል፤ አስለቃሽ ግጥሟን ትሰጣለች። ከዚያ አብሮት የኖረ ሰው ዘራፍ ብሎ ይነሳል። ጠላት የለም፤ የሚያስፈራራው አንድም ፍጡር የለም። የሌላውን ዘመቻ፣ የሌላውን ቁስል ይቆጥራል። በለቅሶ ጉሮሮ ቀድሞ ታንቋልና ትንፋሹ ከሠርጉ ይልቅ ያጥራል፤ ስንኙ ከሁለት አያልፍም፤ ስንጥቁ በመጀመሪያው ዘራፍ ላይ ይመጣል። ከላይ ደካማ ግጥም ነው ያልኩትን እዚህ ላይ መከላከል አልችልም፤ እዚህ ቦታ ከዚህ የተሻለ ግጥም ቢኖር ይረብሽ ነበር። ይህን ድምፅ የሚያክል ነገር በአማርኛ ሥነ ቃል ውስጥ አላውቅም፤ ዋር ሜታሎቹም ይህን በር አላገኙትም።

እንግዲህ መቅረጫ ይዘው ወደዚህ ደጋ የሚመጡ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች አንድ ነገር ቢያደርጉ እወዳለሁ። ማይኩን ከፎካሪው አፍ ያርቁት። በያዦቹና በእልል ባዮቹ መካከል ያስቀምጡት፤ እግር ሲረግጥ፣ አየር ሲሳብ፣ ዱላ ከዱላ ሲጋጭ ይግባ። የተዋጠውን ቃል ከሽማግሌ ጠይቀው አይሙሉት፤ በጽሑፋቸው ላይ የተዋጠ ብለው ይተዉት። ትንፋሹ ያለቀበትን ስንኝ ምልክት ያድርጉበት። የተማሪው መምህር ድምፁ ጥራት የለውም፣ እንደገና ቅረጽ ካለው የመጀመሪያውን ቅጂ አይደምስስ።